የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሡ ጎብኚዎች የተዘጋጀ መረጃ

የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ በአማራ ክልል ደቡብ ወሎ ዞን ይገኛል። ቀደም ሲል የደንቆሮ ጫካ በሚል ስም ይታወቅ የነበረው ይህ ደን፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በክልሉ መንግሥት ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተቋቁሟል። በአሁኑ ወቅት ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ተብሎም ይጠራል።

የተፈጥሮ ሀብት
ፓርኩ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,900 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። በዝቅተኛው ክፍል ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ፣ በደጋው ጫፍ ጓሳና ጅብራ ይበቅላሉ። ከዱር እንስሳቱ መካከል ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ዝንጀሮና የምኒልክ ድኩላ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ ናቸው፤ ጉሬዛ፣ ሰስና ነብርም ይኖራሉ።

ጉዞ
በአየር የሚመጡ ጎብኚዎች የኮምቦልቻን አውሮፕላን ማረፊያ መጠቀም ይችላሉ። ከደሴ በአቀስታ በኩል መካነ ሰላም ድረስ ተጉዞ ወደ ፓርኩ የሚደረሰው 200 ኪሎ ሜትር ያህል በማቋረጥ ነው። በመሆኑም ደርሶ መልስ በአንድ ቀን ማሰብ አይመከርም። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚበረታ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ወቅት ተመራጭ ነው። ከመነሣት በፊት የመንገዱንና የጸጥታውን ሁኔታ ማጣራት ያስፈልጋል።

የመንቀሳቀስ ውስንነት ላለባቸው ጎብኚዎች
ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 30 የመዝናኛና የቱሪዝም አገልግሎት ተደራሽነትን የመብት ጉዳይ አድርጎ ደንግጓል። ይሁን እንጂ የፓርኩ መሬት ገደላማና ወጣ ገባ ነው። ስለዚህ አካል ጉዳተኞች፣ አረጋውያንና ሕፃናት የያዙ ቤተሰቦች ከመነሣታቸው አስቀድመው ተሽከርካሪ እስከ የት እንደሚደርስና የትኛው መንገድ ለጥ ያለ እንደሆነ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ሊጠይቁ ይገባል። ጭላዳ ቀን ቀን በደጋው ሜዳ ሣር ሲግጥ ስለሚውል፣ ገደል ሳይወርዱ ማየት ይቻላል። የልብ ወይም የመተንፈሻ አካል ሕመም ያለባቸው ስለ ከፍታው ሐኪም ማማከር አለባቸው።

የጎብኚው ግዴታ
• የመግቢያ ክፍያ ሲፈጸም ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል፤
• ከአስጎብኚ ወይም ከጥበቃ ሠራተኛ ሳይለዩ መጓዝ፤
• እሳት አለማንደድ፤ አስታ በቀላሉ የሚቀጣጠል ተክል ነውና፤
• ውሻ ይዞ አለመግባት፤ ከውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ቁጥሩ የተመናመነውን ቀይ ቀበሮ በመንጋ ሊፈጅ ይችላል፤
• እንስሳትን አለመመገብ፣ ቆሻሻን ይዞ መመለስ።

ደኑ ለአካባቢው አርሶ አደር የምንጭ ውኃ መገኛም ስለሆነ፣ ጎብኚው የሚያደርገው ጥንቃቄ ለነዋሪው ጭምር የሚተርፍ ነው።