የጎጃም ቅኔ ቤት የጥናት ሥርዓትና የቴክኒክ መጽሐፍ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ፊዚክስንና ሒሳብን የሚያጠናው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ቃሉ ስለሚከብደው የተሠራውን ምሳሌ እንዳለ ይሸመድዳል፤ ቁጥሩ ሲለወጥ ግን ይቆማል። ይህ ችግር በዚያ አገር ከቶ አዲስ አይደለም፤ ግእዝም ለገበሬ ልጅ እንደ ባዕድ ቋንቋ ነበረና።

ከሁለቱ ከተሞች በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚገኘው ደብረ ኤልያስ ዮፍታሔ ንጉሤን ያበቀለ፣ ሐዲስ ዓለማየሁም የተማሩበት ስፍራ ነው። በእንዲህ ያለ ጉባኤ የቅኔ ተማሪ አስቀድሞ ግስ ያወርዳል፤ ርባ ቅምሩን ይለያል። ቀጥሎ የመምህሩን ቅኔ ሰምቶ ሰሙንና ወርቁን ያያል። እኛን የሚያስደንቀን ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቀን ከዛፍ ሥር ለብቻው ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል፤ ማታ ለአስነጋሪው ወይም ለመምህሩ ይነግራል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ነው፤ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ገና ሩቅ ነው። የሌላውን ቅኔ መድገም ነውር ነው፤ የራሱን የትናንቱንም ቢሆን።

የቤተ ክህነት ትምህርት ሽምደዳ ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች የዳዊትን ንባብ አይተው የተመለሱ ይመስለናል።

እንግዲህ የመጽሐፉ ሙያዊ ቃላት እንደ ግስ፣ የተሠራው ምሳሌ እንደ መምህሩ ቅኔ፣ በምዕራፉ መጨረሻ ያለው ጥያቄ ደግሞ እንደ ቆጠራ ሊያዝ ይችላል። ብዙዎቻችን ከምሳሌው ላይ ቀርተናል። ከሁሉ ይልቅ የጎደለን አስነጋሪ ነው። ከመጽሐፉ ጀርባ የታተመው መልስ እርሱን አይተካም፤ አስነጋሪው ስሕተቱ ከየትኛው ቃል እንደ ጀመረ ይጠይቃልና።