ብሩሴሎሲስ፦ ከፍየልና ከላም ወደ ሰው የሚተላለፍ የባክቴሪያ በሽታ

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ ከወተት ጋር የተያያዘ ነው። አንዳንዱ በግቢው ላምና ፍየል ያረባል፤ ሌላው በየማለዳው ከጎረቤት ወተት ይገዛል። ትኩሳቱ አልለቅ ያለው፣ ሌሊት በላብ የሚጠመቅና ወገቡን የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታሰብለት ታይፎይድ ነው። መድኃኒቱን ጨርሶ ሕመሙ ከተመለሰበት ግን ሌላም ጥያቄ መነሳት አለበት፦ ያልፈላ ወተት ጠጥቷል? በቅርቡ የጨነገፈች ፍየል ወይም ላም ነክቷል?

ብሩሴሎሲስ ምንድን ነው?

ብሩሴላ በሚባሉ ባክቴሪያዎች የሚመጣ በሽታ ነው። በፍየልና በበግ ላይ በብዛት የሚገኘው ብሩሴላ ሜሊቴንሲስ ሲሆን፣ ሰውን ይበልጥ የሚያጠቃውም እሱ ነው። በከብት ላይ በዋናነት የሚገኘው ደግሞ ብሩሴላ አቦርተስ ይባላል። በሽታው ቀድሞ «የማልታ ትኩሳት» ይባል ነበር፤ ምንጩ የፍየል ወተት መሆኑ የታወቀው በ1905 እ.ኤ.አ. በማልታ ደሴት ነው። ያኔ የተመረመሩት ፍየሎች ጤነኛ ይመስሉ ነበር። ዛሬም ቢሆን የተበከለ ወተት በመልኩ፣ በጠረኑም ሆነ በጣዕሙ አይለይም።

በፍየሎች መካከል እንዲስፋፋ የሚያደርጉት ምንድን ናቸው?

• ከገበያ የተገዛች ፍየልን ሳያስመረምሩ ከነባሮቹ ጋር መቀላቀል
• ወጠጤን ከሌላ መንጋ መዋስ
• በግጦሽና በውኃ ቦታ ከሌሎች መንጋዎች ጋር መደባለቅ
• ጠባብና ቆሻሻ በረት
• የጨነገፈውን ግልገልና የእንግዴ ልጁን ሜዳ ላይ መጣል ወይም ለውሻ መስጠት

በእርግዝናዋ መጨረሻ አካባቢ የምትጨነግፍ ፍየል ዋነኛዋ ማስጠንቀቂያ ናት። ሲያጋጥምዎ ለአካባቢዎ የእንስሳት ሐኪም ይንገሩ። የእንስሳት በሽታዎችን በላቦራቶሪ የሚመረምረው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘውም ሰበታ ነው።

ወደ ሰው እንዴት ይተላለፋል?

• ያልፈላ ወተት በመጠጣት፣ ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ፣ አሬራ ወይም ቅቤ በመመገብ። ወተቱ መርጋቱ ብቻ ባክቴሪያውን እንደሚገድል እርግጠኛ መሆን አይቻልም።
• ሲያዋልዱ ወይም የእንግዴ ልጅ ሲያወጡ፣ በተለይ እጅ ላይ ቁስል ካለ።
• በበረት ውስጥ የተበከለ አቧራ በመተንፈስ።

«የፍየል ወተት መድኃኒት ነው» በሚል ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር ወይም ለታማሚ ጥሬውን መስጠት አደገኛ ነው። ወተቱ ቢፈላም ለምግብነት ይጠቅማል።

ምልክቶቹ

ብዙውን ጊዜ ባክቴሪያው በገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይጀምራሉ፤ እስከ 2 ወርም ሊዘገዩ ይችላሉ፦

• የሚሄድና የሚመለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ
• ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ መክሳት
• የወገብና የመገጣጠሚያ ሕመም
• በወንዶች ላይ የቆለጥ እብጠት

ሳይታከም ከቆየ የአከርካሪ አጥንትን፣ ጉበትን፣ አልፎ አልፎም ልብንና የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ፅንስ ሊያስወርድ ይችላል።

ምርመራና ሕክምና

ምልክቶቹ ከታይፎይድ፣ ከወባና ከሳንባ ነቀርሳ ጋር ይመሳሰላሉ። ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ ብቻውን ታይፎይድን አያረጋግጥም። ስለዚህ እንስሳ እንደሚያረቡ ወይም ጥሬ ወተት እንደጠጡ ሳይጠየቁ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ የብሩሴላ የደም ምርመራ እንዲታዘዝ የሚያደርገው ይህ መረጃ ነው።

ለአዋቂዎች የተለመደው ሕክምና ዶክሲሳይክሊን ለ6 ሳምንት ሲሆን፣ አብሮት ሪፋምፒሲን ወይም የጀንታማይሲን አሊያም የስትሬፕቶማይሲን መርፌ ይሰጣል። ትኩሳቱ ቀድሞ ስለሚጠፋ ብዙዎች መድኃኒቱን ያቋርጣሉ፤ በሽታው የሚያገረሸውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሪፋምፒሲን ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ይህ አያስደንግጥዎ። ነገር ግን የወሊድ መከላከያ እንክብልንና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶችን ያዳክማል፤ የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ። ለነፍሰ ጡሮችና ከ8 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ሌላ የመድኃኒት ጥምረት ስለሚመረጥ፣ የሌላ ሰው መድኃኒት አያካፍሏቸው።

እንዴት ይከላከሉታል?

• ወተቱን እስኪንተከተክ ያፍሉ፤ እርጎም የሚሠሩ ከሆነ አስቀድመው አፍልተው ያቀዝቅዙት።
• ሲያዋልዱ ጓንት ያድርጉ፤ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ ከዚያም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ነፍሰ ጡሮችና ልጆች አይቅረቡ።
• የጨነገፈውንና የእንግዴ ልጁን በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ።
• ግቷ ያበጠ፣ ወተቷ የጓጎለ ወይም ደም የቀላቀለ ፍየል ወተት አይጠጡ። ይህን የጡት በሽታ የሚያመጡ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት መርዝ በማፍላት አይጠፋም።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ?

ትኩሳቱ ከ1 ሳምንት በላይ ከቆየ ወይም ከሕክምና በኋላ ከተመለሰ ይሂዱ። ከባድ የራስ ምታት፣ የአንገት መገተር፣ የእግር መዛል፣ የትንፋሽ ማጠር ካለ፣ ወይም ታማሚዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ግን አንድም ቀን አይጠብቁ። ከአንድ ድስት ወተት የጠጡ የቤተሰብ አባላት ካሉም አብረው ይመርመሩ።