እረኛ የሌለው መስክ

ከማንችስተር ከተማ በስተምሥራቅ ባሉት የፒክ ዲስትሪክት ኮረብቶች በመጋቢት ወር የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚይዘው ካቡ ነው። ያለ ጭቃ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ ዳገቱን ይወጣል፣ ሸለቆውን ይወርዳል፣ መስኩን እየከፋፈለ እስከ ጭጋጉ ድረስ ይዘልቃል። በካቡ ውስጥ በጎች ይግጣሉ። ሆዳቸው ተወጥሯል፤ ሊወልዱ የቀራቸው ጥቂት ሳምንት ነው። ከኢትዮጵያ ገጠር የመጣ እንግዳ ግን አንድ ነገር ይጎድልበታል። ዙሪያ ገባውን ቢያማትር እረኛ የለም። በትሩን ትከሻው ላይ አጋድሞ የሚያፏጭ ልጅ የለም፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ መንጋውን በዓይኑ የሚቆጥር ሽማግሌም የለም። ያለው በመስኩ በር ላይ የተቸነከረ ሰሌዳ ነው፤ ውሻዎን በማሰሪያ ይያዙ ይላል።

ይህች አጭር ማሳሰቢያ እንዲሁ የተለጠፈች አይደለችም። ከበስተጀርባዋ እረኛው ጥሎት የሄደውን ቦታ ሕግና ማሰሪያ እንዴት እንደተኩት የሚናገር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የቆየ ታሪክ አለ። (ሌላ ካልተባለ በቀር እዚህ ያሉት ቀኖች፣ ወራትና ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እረኛው ከመስኩ የወጣው ቀስ በቀስ ነው። ተኩላ ከእንግሊዝ ምድር የጠፋው በ15ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ጅብም ነብርም በሌለበት አገር ሌሊቱን ከመንጋ ጋር የሚያድር ሰው አስፈላጊነቱ ቀነሰ። ከዚያ ደግሞ አጥሩ መጣ። ከ1604 እስከ 1914 ባሉት ዓመታት የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,000 በላይ የማጠሪያ ሕጎችን አውጥቶ የጋራ ግጦሹንና ክፍት ማሳውን ለግለሰቦች ከፋፈለው። ድሃው ገበሬ ላሙን የሚያሰማራበትን መሬት ያጣበት ይህ ዘመን ለአገሩ ትልቅ ቁስል ሆኖ አልፏል። ለበጎቹ ግን ካቡ እረኛቸው ሆነ። ገበሬው በጠዋት አይቷቸው ይሄዳል፤ በማግስቱ ተመልሶ ያያቸዋል፤ በመሃሉ ብቻቸውን ናቸው።

በአገራችን ውሻ ከመንጋው ጋር ያድጋል። ቀን ከግልገሎቹ ጋር አንድ ደጅ ይውላል፣ ማታ በረቱ አጠገብ ይተኛል፣ ጅብ ሲመጣ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው። በግ ለእሱ የቤት ልጅ ናት። እንግሊዛዊው ገበሬም እንዲህ ያለ ውሻ አለው፤ ቦርደር ኮሊ የሚባለው ዘር በፉጨት ብቻ እየታዘዘ መቶ በጎችን ከኮረብታ አውርዶ በአንዲት ጠባብ በር ያስገባል። ጣጣው የሚመጣው ከከተማው ውሻ ነው። ሳሎን ውስጥ ያደገ፣ በግ አይቶ የማያውቅ፣ ስትሮጥ ሲያይ ግን ከአያት ቅድመ አያቱ የወረሰው የአዳኝ ጠባይ የሚነሳበት ውሻ። ባለቤቱ «የኔ ውሻ ማንንም አይነካም» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ሰው ነክቶ አያውቅም።

ደግሞም ጉዳት ለማድረስ መንከስ አይጠበቅበትም። በግ ስትደነግጥ ወደ ጓደኞቿ ትሸጎጣለች፤ መንጋው በአንድነት ይሮጣል፤ ካቡ ጋ ሲደርስ መሄጃ ያጣል። የፊተኞቹ ይቆማሉ፣ የኋለኞቹ ይደርሱባቸዋል፣ አንዷ በሌላዋ ላይ ትወጣለች፤ ከሥር የወደቁት ትንፋሽ አጥሯቸው ይሞታሉ። ከዚህ የተረፈች ርጉዝ በግ በድንጋጤው ልትጨነግፍ ትችላለች። የወለደችው ደግሞ በሽሽቱ ከግልገሏ ትለያለች፤ ግልገሉ ጡት ሳያገኝ በብርድ ያድራል። ገበሬው በማግስቱ መጥቶ የሞተች በግ ያገኛል፤ የጥርስ ምልክት ግን አያይባትም።

ለዚህ ጥፋት ማን ይክፈል የሚለው ጥያቄ ዳኞችን ለረጅም ጊዜ አከራክሯል። በቆየው የእንግሊዝ ሕግ የውሻው ባለቤት የውሻውን ክፉ ጠባይ አስቀድሞ ማወቁ ካልተረጋገጠ በቀር አይጠየቅም ነበር። ሐሳቡ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ያለው የተዋጊው በሬ ነገር ይህንኑ ይመስላል፤ ባለቤቱ በብርቱ የሚጠየቀው በሬው ተዋጊ መሆኑ ተነግሮት ሳለ ሳይጠብቀው ሲቀር ነው። ለበግ አርቢው ግን ደንቡ መራራ ነበር። ውሻው የመጀመሪያውን መንጋ በፈጀ ጊዜ ለባለቤቱ «ጠባዩን አላውቅም ነበር» ማለት ይበቃው ነበርና።

ነገሩ የከረረው በስኮትላንድ ነው። ፍሊሚንግ የሚባል ሰው የቀበሮ አደን ውሻ ኦር የሚባለውን ሰው በጎች ገደለ። የስኮትላንድ ፍርድ ቤት ለበጎቹ ባለቤት ፈረደለት፤ ጉዳዩ ለንደን ወደሚገኘው የጌቶች ምክር ቤት በይግባኝ ደርሶ ግን በ1855 ፍርዱ ተሻረ፤ የውሻው ባለቤት ጥፋት በክሱ ተገልጾ መቅረብ ነበረበት ተባለ። አርቢዎች እንዲህ ያለውን ፍርድ ዝም ብለው አልተቀበሉትም። በ1862 ለአየርላንድ፣ በ1863 ለስኮትላንድ፣ በ1865 ለእንግሊዝና ለዌልስ ተራ በተራ ሕግ ወጣ። ከዚያ በኋላ ውሻው በግ ወይም ከብት ከጎዳ ባለቤቱ አወቀ አላወቀ ሳይባል ይከፍላል። በ1906 የወጣው የውሾች ሕግ ይህንኑ አጸና። ኢትዮጵያም የፍትሐ ብሔር ሕጓን በ1952 ዓ.ም. ስታወጣ በአንቀጽ 2071 ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ውሳኔ ላይ ደርሳለች፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥ፣ ጉዳቱም ሊታሰብ የማይችል ቢሆን፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። እዚህ ላይ ሕግ አውጪዎቹ ትክክል ነበሩ። በጓ የሰው ኑሮ ናት፤ የውሻውን ጠባይ ማወቅም ውሻውን የሚያሳድረው ሰው ሥራ እንጂ የበጓ ባለቤት ዕዳ አይደለም።

ካሳ ግን የሚመጣው በጓ ከሞተች በኋላ ነው። ማሰሪያው የመጣው ከሌላ አቅጣጫ፣ ከእግረኞቹ ነው።

የማንችስተርና የሼፊልድ ፋብሪካ ሠራተኞች ሳምንቱን በጢስ ውስጥ ውለው እሑድ እሑድ ወደ ኮረብታው መውጣት ይፈልጉ ነበር። ኮረብታው ግን የባለርስቶች የወፍ አደን ቦታ ነበር፤ ጠባቂዎች ዱላ ይዘው ይመልሷቸዋል። ሚያዝያ 24 ቀን 1932 ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች፣ ቤኒ ሮዝማን በተባለ የ20 ዓመት ወጣት መሪነት፣ ከሄይፊልድ መንደር ተነስተው ኪንደር ስካውት የሚባለውን ተራራ ያለ ፈቃድ ወጡ። ከጠባቂዎቹ ጋር ግብግብ ተፈጠረ፤ አምስት ሰዎች ከሁለት እስከ ስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ፍርዱ ሕዝቡን አስቆጣ፤ ለእግረኞቹ መብት የሚደረገውንም ትግል አጠነከረው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1949፣ የብሔራዊ ፓርኮችና የገጠር መግቢያ ሕግ ጸደቀ። በ1951 ያ ተራራ የሚገኝበት ፒክ ዲስትሪክት የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

በዚያው ዓመት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ታተመች፤ የገጠር ደንብ ትባላለች። አሥር ነጥቦች ነበሯት። እሳት እንዳይነሳ ስለመጠንቀቅ፣ የመስክ በር ስለመዝጋት፣ በእርሻ መሬት ላይ ከመንገድ ስላለመውጣት፣ ቆሻሻ ስላለመጣል ትመክራለች፤ ከነዚሁ መካከል ውሻን በአግባቡ መቆጣጠር አንዱ ነው። ነገሩ ልብ ሊባል ይገባል፤ በሩ ለእግረኛው በተከፈተበት ዓመት ለውሻው የሚሆነው ምክር አብሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታትም ይኸው ይደጋገማል፤ የሰው መብት በሰፋ ቁጥር የውሻው ገመድ ያጥራል።

ምክሩ ብዙም ሳይቆይ ሕግ ሆነ። በሐምሌ 1953 የወጣው የቤት እንስሳትን ከውሾች የመጠበቂያ ሕግ እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተናወጠም። የዚህ ሕግ ትልቁ ነገር አተረጓጎሙ ነው። ጥፋት የሚባለው መንከስ ብቻ አይደለም፤ ጉዳት ወይም ስቃይ በሚያስከትል መንገድ ማባረርም ጥፋት ነው። ሴት እንስሳ እንድትጨነግፍ ወይም ምርቷ እንዲቀንስ የሚያደርግ ሩጫም ይቆጠራል። ሕግ አርቃቂዎቹ ካቡ ሥር የሚሆነውን ያውቁ ነበር ማለት ነው። ቅጣቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ 10 ፓውንድ፣ ያው ውሻ ከደገመ እስከ 50 ፓውንድ ነበር። በ1981 ደግሞ ደንቡ ጠበቀ፤ ውሻው ማንንም ባያባርር እንኳ በጎች ባሉበት መስክ ያለ ማሰሪያ ወይም ያለ ቅርብ ቁጥጥር ከተገኘ በቂ ጥፋት ሆነ። የእረኛ ውሻ፣ የዓይነ ስውር መሪ ውሻና የፖሊስ ውሻ ከዚህ ነፃ ናቸው።

ከሁሉ የከበደው የ1971 የእንስሳት ሕግ ነው። ገበሬው ውሻው መንጋውን ሲያጠቃ ካየና ሌላ ማስቆሚያ መንገድ ከሌለው ተኩሶ ቢገድለው በፍትሐ ብሔር ክስ መከላከያ ይሆንለታል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ግን አለበት። ይህ ለማንም ደስታ አይደለም። ገበሬውም ውሻ ያሳድጋል፤ ጠመንጃውን ያነሳበት ውሻ የአንድ ቤት ልጆች ስም ያወጡለት መሆኑን አይስተውም።

በ2000 በወጣው ሕግ በእንግሊዝና በዌልስ የሚገኙ ሰፋፊ ኮረብቶችና ጠፍ መሬቶች ለእግረኛ ሁሉ ክፍት ሆኑ። ማሰሪያውም በሜትር ተለካ። በነዚህ ቦታዎች ከመጋቢት 1 እስከ ሐምሌ 31፣ መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች በሚፈለፍሉበት ወቅት፣ ውሻ ከሁለት ሜትር በማይበልጥ ማሰሪያ ይያዛል፤ የቤት እንስሳት አጠገብ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ። ማሰሪያው ርዝመቱ የማይለወጥ መሆን አለበት፤ እየተፈታ የሚረዝመው ዓይነት አይበቃም። ሕጉ በወጣ በማግስቱ ዓመት፣ በ2001፣ የአፍተግር በሽታ አገሩን መታው። ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ተገደሉ፤ የገጠር የእግር መንገዶች በየቦታው ተዘጉ። መንገዱ ሲከፈት ብዙ ገበሬዎች እግረኛውን በሌላ ዓይን ነበር የሚያዩት።

የውሻ ኩስም ራሱን የቻለ ነገር ነው። በ1988 ስም የወጣለት ኒዮስፖራ የተባለ ጥገኛ ተህዋስ በውሻ ኩስ አማካይነት ወደ ግጦሹ ይገባል፤ ሣሩን የበላች ላም ልትጨነግፍ ትችላለች። እዳሪውን በከረጢት አንስቶ መሄድ የሚጠየቀው ለንጽሕና ብቻ አይደለም።

ከብት ባለበት መስክ ግን ደንቡ ይገለበጣል። ጥጃ ያላት ላም ውሻን እንደ ጠላት ታያለች፤ ውሻውን ስትወጋ ሰውየውን ትረግጣለች። በሰኔ 2009 ዓይነ ስውሩ ፖለቲከኛ፣ የቀድሞው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ዴቪድ ብላንኬት፣ በልደታቸው ቀን ከመሪ ውሻቸው ጋር በፒክ ዲስትሪክት ሲጓዙ ላም አጥቅታቸው የጎድን አጥንታቸው ተሰብሯል። ስለዚህ በግ አጠገብ ማሰሪያውን አጥብቆ መያዝ፣ ላም ስታባርር ግን ውሻውን መልቀቅ ነው። ውሻው ሮጦ ያመልጣል፤ ሰው አያመልጥም።

በኮሮና ዘመን ብዙ ቤተሰብ ቡችላ ገዛ፤ ከቤት መውጫ ሰበቡም የእግር ጉዞ ሆነ። የገበሬዎች መድን ድርጅት የሆነው ኤን ኤፍ ዩ ሚውችዋል በ2023 ውሾች በመላ ብሪታንያ በቤት እንስሳት ላይ ያደረሱትን ጉዳት 2.4 ሚሊዮን ፓውንድ ገምቶታል። ስኮትላንድ ከኅዳር 2021 ጀምሮ ቅጣቱን እስከ 40,000 ፓውንድና እስከ 12 ወር እስራት አድርሳዋለች። ከ10 ፓውንድ ተነስቶ እዚህ መድረሱ የበግ ሕይወት በሕግ ፊት ምን ያህል እየከበደ እንደሄደ ያሳያል። እዚያው ስኮትላንድ የእግረኞች ደንብ ግልገልና ጥጃ ያሉበት መስክ ውስጥ ውሻ ይዞ ከመግባት ይልቅ ዞሮ መሄድን ይመክራል።

በብሪታንያ የሚኖሩ፣ ልጆቻቸው ለምነዋቸው ውሻ ያስገቡ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ይዘው ወደ ገጠር ቢወጡ መልካም ነው። በሩን እንዳገኙት ይተዉት። ማሰሪያውን በጎቹ ከመታየታቸው በፊት ያሳጥሩት። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ውሻዎ አምልጦ በግ ከጎዳ ቅጣቱን ፈርተው አይሂዱ፤ በአቅራቢያ ያለውን ገበሬ ፈልገው ወይም ለፖሊስ ደውለው በዚያው ሰዓት ይንገሩ። የቆሰለች በግ ቶሎ ከተደረሰላት ልትተርፍ ትችላለች፤ ገበሬው ግን እስከ ነገ ላይመጣ ይችላል፤ በመስኩ ላይ ከእርስዎ ሌላ ያየ ሰው የለም።