ኮረብታውን ማን ይጠርገው?

እኔ ፍኖተ ሰላም ሳድግ የቅዳሜ ጠዋት ሥራችን አንድ ነበር፤ ቅጠል መጥረግ። ባዶ ማዳበሪያችንን ይዘን ከከተማው ወጣ ወዳለው ድንጋያማ ኮረብታ፣ ወደ አክስቴ ባሕር ዛፍ እንወጣለን። ወንዶቹ ሜዳው ላይ ኳስ ይራገጣሉ፣ እኛ ሴቶቹ የረገፈውን ቅጠልና ጭራሮ እየሰበሰብን ማዳበሪያው ውስጥ እንጠቀጥቃለን። ለእንጀራ ምጣድ ከባሕር ዛፍ ቅጠል የሚሻል የለም። ቶሎ ይያያዛል፣ ነበልባሉም ምጣዱን ዙሪያውን ያዳርሰዋል። ጭሱን ግን አታንሱብኝ፤ ዓይኔ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ጋዜጠኝነት ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ የዚህን ዛፍ ታሪክ ማንበብ ጀመርሁ። እናላችሁ፣ ያነበብሁት ሁሉ ስለ ንጉሥ፣ ስለ ፈረንጅ አማካሪና ስለ አዋጅ ነው። ቅጠል የምትጠርግ ልጅ የለችበትም።

የተጻፈው ታሪክ ባጭሩ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ዙሪያዋ ያለው ጽድና ወይራ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተመናመነ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እዚያ ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ከመዛወር ካዳኗት ነገሮች አንዱ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ የመጣው ዛፍ ነው። በማስመጣቱ ታሪክ የፈረንሳዊው የሞንዶን ቪዳይዬ ስም በብዛት ይነሣል። ሕዝቡ ግን ለሰውዬው ስም አልተጨነቀም፤ «ባሕር ዛፍ» ብሎ ጠርቶ ተከለው። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ውኃ ይመጣል ተብሎ ከተተከለው ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ የሐር ትል በሚመገበው ዛፍ እንዲተካ ትእዛዝ እንደወጣ ተጽፏል። ማን ሊነቅል! ትእዛዙ ወረቀት ላይ ቀረ፣ ዛፉ አደገ።

ወደ እኛ ጎጃም ስንመጣ ታሪኩ ከመሬት ጋር ይጋባል። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በደርግ ዘመን ራቁታቸውን የቀሩ ኮረብታዎች በዘመቻና በምግብ ለሥራ ዛፍ ለበሱ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን ከእነዚህ የማኅበር ደኖች ብዙዎቹ በመጥረቢያ አለቁ፤ ባለቤት የለሽ ዛፍ መጨረሻው ይኸው ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን የመሬት ሽግሽግ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዛፉ ከኮረብታው ወርዶ ወደ እርሻው ገባ። በትግራይ በዚያው ሰሞን በእርሻ መሬት ላይ ባሕር ዛፍ መትከል ሲከለከል፣ ከእኛ በስተ ሰሜን ያሉት የሜጫ ገበሬዎች ተክለው ተክለው አጠናቸው ሱዳን ድረስ ተሸጠ። ቢቆረጥ ከጉቶው እንደገና የሚያቆጠቁጥ፣ በአምስት በስድስት ዓመት ለገበያ የሚደርስ፣ ከብት የማይበላው ዛፍ ለገበሬ የባንክ ደብተር ነው።

ታሪኩ የዘለለው እሳቱን ነው። ባሕር ዛፍ በትውልድ አገሩ በአውስትራሊያ ከእሳት ጋር ተላምዶ የኖረ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ዘይት አለው፤ ከረገፈ በኋላም ቶሎ አይበሰብስም። እየተላጠ የሚንጠለጠለው ልጡ ለእሳት መሰላል ይሆናል፣ ነፋስ ሲያገኝም ፍሙን ራቅ አድርጎ ይወረውራል። የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች ይህን ስለሚያውቁ ቀዝቀዝ ባለ ወቅት ትናንሽ እሳት እየለኮሱ ርጋፊውን ያሳሱት ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2009 በቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት የተነሣው እሳት 173 ሰው ገደለ። ባሕር ዛፍ እንደኛ ከውጭ ባስመጣችው ፖርቱጋልም እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 ፔድሮጋው ግራንዴ በሚባል አካባቢ ባሕር ዛፍና ጥድ በሞላበት ኮረብታ 66 ሰው አለቀ።

ታዲያ የእኛ ኮረብታ ለምን እንዲያ አልነደደም? ፀሐዩ ከኅዳር እስከ ግንቦት ያው ነው። ድንጋያማ ቦታ ደግሞ አፈሩ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል። እሳት የሚለኩሰውም አልጠፋም፤ ከሰል አክሳዩ አለ፣ ማር ቆራጩ አለ፣ ማሳውን የሚያቃጥለው አለ። የእኔ መልስ ይህ ነው፦ መሬት ላይ የሚነድ ነገር ስላልነበረ። የሚነደውን በየሳምንቱ በማዳበሪያ ተሸክመን ወደ ምድጃ እንወስደው ነበራ! እንጦጦ ላይ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች አስቧቸው። አውስትራሊያዊው በትንሽ እሳት የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሠራችው ሴት ናት፤ ያለ ደመወዝ፣ በጎበጠ ወገብ።

ሥራው ግን ጉዳት አልነበረውም ልላችሁ አልችልም። ቅጠሉ ተጠርጎ ሲያልቅ አፈሩ እርቃኑን ይቀራል፣ የሐምሌ ዝናብ ያለ ከልካይ ይደበድበዋል፣ ወደ አፈር መመለስ የነበረበት ምግብ በጭስ መልክ ይወጣል። የአክስቴ ኮረብታ ከዓመት ዓመት ድንጋዩ እየገጠጠ የሄደው በእኛም እጅ ነው። ልጃገረዶቹንም አንርሳ፤ ያ ቅዳሜ የጥናት ቅዳሜ ሊሆን ይችል ነበር።

አሁን ያ ሥራ እየቀረ ነው። እኛ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ገባ፣ የአክስቴ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። እሰየው! ኮረብታው ላይ ግን የሁለት ዓመት ቅጠል ተከመረ። በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ላይ፣ ከየት እንደተነሣ ሳይታወቅ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ ነደደ። ጎረቤቱ በኡኡታ ተጠራርቶ በእርጥብ ቅርንጫፍ እየመታ፣ አፈር እየበተነ አመሻሽ ላይ አጠፋው። ሰው አልተጎዳም። ለታናሹ ልጇ ሰርግ ሊሸጥ የነበረው አጠና ግን ከሰለ።

ሄጄ ሳያት ጉቶው ሥር ብቅ ያለውን ቀንበጥ አሳየችኝ። «አየሽ ልጄ፣ ዛፉስ አልሞተም። የሞተው የእኔ አምስት ዓመት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ይህ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ጓሳና አስታ ሲነድ አገር ምድሩ ተጨነቀ፣ ከእስራኤል ድረስ ባለሙያ መጣ። ለአንዲት ገበሬ ኮረብታ ማንም አይመጣም፤ ይምጣም አልልም። የምለው ቀላል ነው። ሙሉውን ኮረብታ መጥረግ አፈሩን ይገድላል፣ ሙሉውን መተው ደግሞ እሳት ይጠራል። በዛፎቹ መካከልና በድንበሩ ላይ ከቅጠል የጸዳ መስመር ማውጣት፣ የታችኛውን ቅርንጫፍ መመልመል፣ የተቀረውን ቅጠል ለአፈሩ መተው ይቻላል። ይህም ሥራ ስለሆነ የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። እስከ ዛሬ ሥራ ተብሎ ያልተቆጠረው ሴቶች ስለሠሩት ነው።

ሴት ልጆች ወደ ኮረብታው ይመለሱ የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይስማማም። ኳስ ሲራገጡ የነበሩት ወንድሞቻችን ግን አሁን ጎልማሶች ሆነዋል። መጥረጊያውን እነሱ ቢያነሡት ምን ይላችኋል?