የበር ዘበኛው፦ በአንድ ማሽን ላይ ብዙ የመረጃ ቋት

ንግግሬን የምጀምረው እ.ኤ.አ. ከ2000 ነው። በዚያ ዓመት ማይክሮሶፍት ባወጣው ኤስኪውኤል ሰርቨር 2000፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ በርካታ የመረጃ ቋት አገልጋዮችን ጎን ለጎን ማሠራት ተቻለ። ሆኖም በተለመደው የቲሲፒ ወደብ 1433 ጥሪ የሚቀበለው አንዱ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሌላ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ደንበኛው ያንን ቁጥር ከየት ይወቅ? ለዚህ ሲባል በዩዲፒ ወደብ 1434 ላይ ጠያቂን ሁሉ የሚመራ አነስተኛ አገልግሎት ተቀመጠ። ብዙ አባወራ በሚኖርበት ግቢ በር ላይ ዘበኛ እንደማቆም ያለ ነው።

ይህ ዘበኛ ግን የአገልጋይ ስም ብሎ የሚቀበለውን ጽሑፍ ርዝመት አይለካም ነበር። ጃንዋሪ 25 ቀን 2003 ስላመር የተሰኘው ትል በዚያው ገባ። 376 ባይት ብቻ ነበር፤ በአንዲት የዩዲፒ ጥቅል ያልቃል። በመጀመሪያው ደቂቃ በየ8.5 ሰከንዱ እጥፍ እየሆነ፣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከተጋላጮቹ ማሽኖች 90 በመቶ ያህሉን ያዘ።

ማረሚያው ከስድስት ወር በፊት፣ በጁላይ 2002፣ ወጥቶ ነበር። ያልተጫነው በስንፍና ብቻ ነው የሚለው አያሳምነኝም። ኤምኤስዲኢ የተባለው አነስተኛ ቅጂ በሌሎች ፕሮግራሞች ተሸፍኖ ይገባ ስለነበር፣ ብዙዎች አገልጋይ እንዳላቸው እንኳ አያውቁም ነበር። በአንድ ማሽን ላይ ሁለትና ሦስት ያኖረ ደግሞ እያንዳንዱን ለየብቻ ማረም ነበረበት።

በ2005 እትም ዘበኛው ራሱን የቻለ አገልግሎት ሆነ፤ በማያስፈልግበትም ማጥፋት ተቻለ። ወደቡ ግን ያው 1434 ነው።