ጃን አሞራ፦ ከጭፍራ መለያ ወደ ወረዳ ስያሜ

በሰሜን ጎንደር ዞን ከደባርቅ ወረዳ ጋር የሚዋሰነው ጃናሞራ ወረዳ የሚጠራበት ስም የጥንት የጦር ጭፍራ መጠሪያም ነበር። የአውሮፓ ሠራዊቶች ማንነታቸውን በጋሻና በሰንደቅ ላይ በተሣሉ ምስሎች ሲገልጹ፣ የኢትዮጵያ ነገሥታት ጭፍሮች ደግሞ ምልክታቸውን በስማቸው ይሸከሙ ነበር።

ስያሜው ሁለት ቃላትን ያጣመረ ነው። «ጃን» የንጉሥ መጠሪያ ሲሆን፣ እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ «ጃንሆይ» በሚለው አጠራር ዘልቋል። «አሞራ» ደግሞ ከሰማይ ሆኖ የሚቃኝና ባየው ላይ በድንገት የሚወርድ ነው። በአንድነት ሲነበብ «የንጉሥ አሞራ» የሚል ትርጉም ይሰጣል።

ተመሳሳይ ስያሜ ያላቸው ሌሎች ጭፍሮችም ነበሩ። ከነዚህ አንዱ «ጃን ቀንጠፋ» ይባል ነበር። ቀንጠፋ የያዘውን የማይለቅ እሾሃማ ቁጥቋጦ መሆኑን ገበሬው ጠንቅቆ ያውቃል። በስሙ ውስጥ የተሰወረው መልእክት ለጠላት ማስጠንቀቂያ፣ ለወታደሩም መመኪያ ነበር።

እነዚህ ጭፍሮች «ጨዋ» ይባሉ ነበር። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በየአውራጃው አስፍረዋቸዋል። ጨዋው ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚተዳደረው በሰፈረበት ምድር ገበሬ ምርት ነበር። ስለዚህ የጭፍራው ስም በሠፈሩ ላይ ይቀራል፤ ወታደሩ ቢያልፍም ስሙ በመሬቱ ላይ ይጸናል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገሪቱን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም በትግራይና በዶባ ወሰን ጃናሞራ የሚባል ግዛት እንደነበረ ጽፏል። ይህም ስያሜው ከአንድ ስፍራ በላይ የተተከለ መሆኑን ያሳያል።

ከስም ቀጥሎ የሥልጣን ዋና ምልክት ነጋሪት ነበር። ከበሮ በሁለት ወገን ቆዳ የተወጠረበት ሲሆን፣ ነጋሪት ግን እንደ ድስት የጎደጎደና በአንድ ወገን ብቻ የተወጠረ ነው። ጥንድ ጥንድ ሆኖ በበቅሎ ላይ ይጫናል፤ መቺውም በዚያው ተቀምጦ ይጎስመዋል። እምቢልተኛና መለከተኛ ያጅቡታል። እነዚህ ባለሙያዎች ጠላት ለመግደል ሳይሆን ትእዛዝ ለማሰማትና ሠራዊቱን ለማሰባሰብ የተመደቡ ነበሩ። ክተት በነጋሪት ሲታወጅ ገበሬው ሞፈሩን ሰቅሎ፣ ስንቁን ቋጥሮ ይነሣል። ነጋሪቱ የተማረከበት መኮንንም ሹመቱን እንደተገፈፈ ይቆጠር ነበር።

በስሜን ምድር የዚህ ሥርዓት ታላቅ ማስታወሻ በጃናሞራ የምትገኘው ደረስጌ ማርያም ናት። ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ካሣ ኃይሉ ውቤን በደረስጌ ድል ካደረጉ በኋላ፣ አቡነ ሰላማ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው እንዲነግሡ ቀብተዋቸዋል።

ነጋሪት ዛሬ ጦር ባይመራም ስሙ አልጠፋም፤ ሕግ የሚታወጅበት «ነጋሪት ጋዜጣ» ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ይህንኑ ስም ይዞ ኖሯል። የጭፍሮቹ ስያሜዎች ግን እንዲህ ያለ መዝገብ የላቸውም። በጽሑፍ ያልሰፈረ የቀበሌና የጎጥ ስም ትርጉሙን ከሚያውቁ አባቶች ጋር አብሮ ያልፋልና፣ ልጆች ዛሬውኑ ጠይቀው ሊመዘግቡት ይገባል።