የበር ስሞች ታሪክ፦ ከመቃን እስከ አንቀጽ

ለአጥራችን «አንድ የእንጨት በር» እንዲሠሩልን ከአንድ አናጢ ጋር ስንዋዋል ቃሉ ግልጽ መስሎን ነበር። በቀጠሮው ቀን የመጣልን ግን ሳንቃው ብቻ ሆነ። አናጢው «በሩ ይኸው» አሉ፤ እኛ ደግሞ መቃኑን ጠየቅን። ሁለታችንም አላጠፋንም፤ ያከራከረን አንድ ቃል ሁለት ነገር መሸከሙ ነው።

«በር» በዋነኛ ትርጉሙ መግቢያው፥ ማለትም ክፍቱ ቦታ ነው። ስለዚህም በሰሜን ሸዋ ያለው የተራራ ማለፊያ የሚዘጋው ሳንቃ ሳይኖር ጣርማ በር ይባላል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ባስገነቡት የሐረር ጀጎል ያሉት አምስት ጥንታውያን መግቢያዎችም በሐረሪ ቋንቋ «በሪ» ይባላሉ፤ ቃሉ የአማርኛው ዘመድ ነው። ክፍቱን ቦታ የሚዘጋው «መዝጊያ»፥ በግራና በቀኝ የሚቆሙት «መቃን»፥ ከላይ የሚጋደመው «ጉበን»፥ ከታች የሚረገጠው «መድረክ»፥ በፊት ለፊት ያለው ሥፍራ «ደጅ» ነው።

ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ ከአናጢው እጅ ወጥተው ሩቅ ተጉዘዋል። «ደጅ» ቤተ መንግሥት ገብቶ «ደጃዝማች»ንና «ደጅ ጥናት»ን አስገኝቷል። «መድረክ» የተዋንያንና የተናጋሪዎች መቆሚያ ሆኗል። ከሁሉ የራቀው በግእዝ በር ማለት የሆነው «አንቀጽ» ነው። ይህ ፍቺ «አንቀጸ ብርሃን» በሚለው የድርሰት ስም እስከ ዛሬ ይኖራል። ይሁን እንጂ ከዐረብኛ በተተረጐመው ፍትሐ ነገሥት የሕጉ ክፍሎች «አንቀጽ» ተባሉ፤ በዐረብኛም «ባብ» በርም የመጽሐፍ ክፍልም ነው። ዛሬ «አንቀጽ» ሲባል በር የሚታየው አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው።

በአንጻሩ አዲስ ዕቃ አዲስ ስም ይዞ መጥቷል። በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት መዝጊያው ከራሱ እንጨት ከላይና ከታች በተረፈ ጉጥ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ይዞር ነበር። የብረቱ መሣሪያ ሲመጣ ከ«ማጠፍ» «ማጠፊያ» ተባለ፤ ቃሉ ሥራውን ስለሚናገር ጸንቷል። «ሞራሌ»፥ «ላሜራ»ና «ብሎን» ግን ከጣልያንኛ እንዳሉ ገብተው በአናጢውና በብረት ሠሪው አፍ ለምደዋል፤ እነዚህን ለመንቀል መድከም አያስፈልግም።

የሚያስፈልገው ያለውን በየቦታው መመለስ ነው። መዝገበ ቃላት «በር»ን ሲፈታ መግቢያውንና መዝጊያውን በተለያየ ተራ ቍጥር ያስቀምጥ፤ «መድረክ»ም የሚረገጠውን እንጨት ከአዳራሹ በፊት ይጥቀስ። መዝጊያው በነጻ ጎኑ እንዳያዘነብል ከታችኛው ማጠፊያ ተነሥቶ ወደ ላይኛው የመቀርቀሪያ ጥግ ለሚወጣው እንጨት ደግሞ «ሰያፍ ደጋፊ» የሚለውን እናቀርባለን።

እኛም ውሉን እንደገና ጻፍነው፦ ሁለት መቃን፥ አንድ መዝጊያ ከነሰያፍ ደጋፊው፥ ሁለት ማጠፊያ፥ አንድ መቀርቀሪያ። አናጢው አነበቡት፤ ያለ ክርክርም ሠርተው ተከሉልን።